የመምህር ሓዱሽ ነጠላ ሰረዝ

መምህር ሓዱሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤታችን ጥበቃ ከኣቦይ ተስፋይ ነው። ቅዳሜና እሑድን ለዘመድ ሰርግ ውቅሮ ሰንብቼ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ኣቦይ ተስፋይ በሩን ሲከፍቱልኝ እንደ ወትሯቸው በትግርኛ "ከመይ ሓዲርኪ" ብለው እንዴት አደርሽ አላሉኝም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙና፣ "ዘሃራ፣ መምህርሽ ዐረፉ። ትናንት ቀበርናቸው" አሉኝ።

መምህር ሓዱሽ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አላስተማሩኝም፤ የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ። ኣቦይ ተስፋይ "መምህርሽ" ማለታቸው ግን ልክ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ከማንም በላይ ቀይ እስክሪብቶ ያረፈብኝ እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤታችን መቀሌ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። እኔ እዚያ ስቀጠር የትግራዩ ጦርነት ካበቃ ብዙም አልቆየም ነበር። ግማሹ ክፍል ተፈናቃዮች ይኖሩበታል፤ ወንበሮቹ አልቀዋል፤ ልጆቹ በድንጋይና በቆርቆሮ ጣሳ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። እኔ መቀሌ ተወልጄ ባድግም ቤታችን ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ነው። ርእሰ መምህሩ ይህንን ሲሰማ ሌላ ምንም ሳይጠይቀኝ አማርኛ እንዳስተምር መደበኝ፤ ከመምህር ሓዱሽ ጋር ማለት ነው።

የመጀመሪያውን የትምህርት ዕቅዴን ወስጄ ሰጠኋቸው። በላስቲክ ያሰሩትን መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡ፤ አገላብጠውም አዩት።

"ነጠላ ሰረዝ የት አለ?" አሉኝ።

"አንባቢው ራሱ ያውቀዋል ብዬ ነው።"

"አንባቢው ራሱ ካወቀ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?"

ፊቴ ሲቀላ ጊዜ ሳቁ። "አትቀየሚኝ ጓለይ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "አንቺ አማርኛን ጠጥተሽው ነው ያደግሽው። እኔ አኝኬ ነው የዋጥኩት። ስለዚህ አጥንቱ የት የት እንዳለ አውቃለሁ።"

እውነታቸውን ነበር። አማርኛን የተማሩት ጎልማሳ ሆነው፣ መምህራን ማሠልጠኛ ከገቡ በኋላ ነው። አነጋገራቸው ላይ ሐ እና ዐ ከጉሮሯቸው ሥር ተነስተው ጥርት ብለው ይወጣሉ። ስለዚህ "ሐሳብ" በየትኛው ሐ፣ "ዐይን" በየትኛው ዐ እንደሚጻፍ ጠፍቷቸው አያውቅም፤ እኛ በዐይናችን የምንሸመድደውን እሳቸው በጆሯቸው ይሰሙት ነበር። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። በግራጫ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ በወረቀት የተጠቀለለ ቁራጭ ጠመኔ ነበር፤ ጠመኔ በጠፋበት በዚያ ዘመን ማንም ሳያይ እንደ ከረሜላ ያካፍሉኛል።

በሥርዓተ ነጥብ ጉዳይ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የሰርግ መጥሪያ ሲሰጣቸው አርመው ይመልሳሉ። ሚስታቸው "ከዚህ ሰውዬ ጋር ሰው ቤት መሄድ አፈርኩ" ትላለች። አንድ ጊዜ ወደ ታክሲ ስንሄድ በአንድ ጋራዥ በር ላይ "የተበላሹ፣ መኪናዎች እንጠግናለን" የሚል ጽሑፍ አዩና ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ወንድሜ፣ የተበላሸው ምንድን ነው?" አሉት ባለጋራዡን። "ይቺ ምልክት እኮ ብልሽቱን ከመኪናው አፋታችው።"

"መምህር፣ መኪናው ቆሞበት የመጣ ሰው ምልክት አያይም" አላቸው፣ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ።

በሳምንቱ በዚያው መንገድ ስናልፍ ሰውየው መሰላል ላይ ወጥቶ ነጠላ ሰረዙን በቀለም ሲያጠፋ አገኘነው። መምህር ሓዱሽ ሮጠው ሄደው መሰላሉን ያዙለት።

ከሁሉም አብልጠው የሚያስተምሩት ግን ገላጭ ሐረግንና ነጠላ ሰረዙን ነው። ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ይህ ከባድ ትምህርት ነው። እሳቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ደንብ አይጽፉም፤ ልጆቹን ነው የሚያስነሱት።

"ቀይ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ትምጣ!" ይላሉ። ክፍሉ ዞር ዞር ይልና ቀይ ሹራብ የለበሰችው ሰናይት ትወጣለች።

"'ቀይ ሹራብ የለበሰችው' ባልል ኖሮ ማንን እንደጠራሁ ታውቁ ነበር?"

"አናውቅም!"

"ስለዚህ 'ልጅ' ከሚለው ቃል ጋር ተጣብቋል ማለት ነው፤ ነጠላ ሰረዝ አይገባበትም። አሁን ደግሞ ስሙኝ፤ 'ሰናይት፣ ቀይ ሹራብ የለበሰችው፣ ትቀመጥ።' ሹራቡን ባልጠራስ?"

"እናውቃታለን!"

"ስሟን ጠርቻለኋ! ሹራቡ ጭማሪ ነው። ስለዚህ በግራና በቀኝ ነጠላ ሰረዝ እናቆምለታለን።"

ቀጥለው ልጆቹን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ያደርጓቸዋል። አንዱ ልጅ አንድ ቃል ይሆናል፤ ሁለት ልጆች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ነጠላ ሰረዝ ይሆናሉ። "በሁለቱ መካከል ያላችሁ ውጡ!" ሲሉ በመካከል ያሉት እየሳቁ በበሩ ይወጣሉ። "ዓረፍተ ነገሩ ቆሟል ወይስ ወድቋል?" "ቆሟል!" "ስለዚህ ቢወጣ ምንም አይጎድልም ማለት ነው።" ይህችን "ቢወጣ ምንም አይጎድልም" የምትለውን ቃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብለዋታል።

ብርኽቲ የምትባለው ልጅ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። ከእናቷ ጋር ተፈናቅላ የመጣች፣ በጦርነቱ ምክንያት ዓመታት የባከኑባት፣ በዐሥራ አምስት ዓመቷ ከትንንሾቹ ጋር ስድስተኛ ክፍል የተቀመጠች ልጅ ናት። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ደብተሯን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን መምህር ሓዱሽ ሲያስተምሩ ለመማር ብዬ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ስለ አንድ የቤተሰብ ሰው በነጠላ ሰረዝ የተከበበ ገላጭ ሐረግ ያለው ዓረፍተ ነገር ጻፉ አሏቸው። አጠገቧ ደርሰው ቆሙ።

"ለምን አትጽፊም?"

ጎኗ ያለችው ልጅ መለሰችላት። "መምህር፣ አማርኛ አልጽፍም ትላለች።"

እኔ ከኋላ በተቀመጥኩበት ተሸማቀቅሁ። ቋንቋው የእናቴና የአባቴ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ለምን እንደጠላችው መጠየቅ አያስፈልገኝም። መምህር ሓዱሽ አልተቆጡም፤ አልመከሩምም።

"እሺ፣ በትግርኛ ጻፊው" አሏት። "ነጠላ ሰረዙ አንድ ነው።"

ደብተሯን መልሳ ገልብጣ መጻፍ ጀመረች።

ደብተሮቹን ሰብስበው ሲያዩ ሁለቱንም ነጠላ ሰረዞች በቦታቸው ያስቀመጠችው እሷ ብቻ ነበረች። በጣም ደስ አላቸው። ዓረፍተ ነገሯን ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ "ወንድሜ ኪዳነ፣ ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰው፣ እንጀራ ሲበላ ይዘፍናል።" መምህር ሓዱሽ ያዩት ምልክቶቹን ነበር እንጂ ቃላቱን አላዩም መሰለኝ። እንደ ልማዳቸው ልጆቹን አሰለፉ፤ "ከቤት"፣ "ወጥቶ"፣ "ያልተመለሰው" የሆኑትን ሦስት ልጆች "ውጡ!" አሏቸው። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ።

"ቆሟል?"

"ቆሟል!"

"አንብቡት!"

ክፍሉ በአንድ ድምፅ አነበበ። "ወንድሜ ኪዳነ እንጀራ ሲበላ ይዘፍናል!"

ብርኽቲ ተነሳች። በበሩ ወጥታ ሦስቱን ልጆች በእጃቸው ይዛ አመጣቻቸውና በየቦታቸው አቆመቻቸው።

"መምህር" አለች፣ "እነሱ ከወጡ እኮ ቤት ያለ ይመስላል።"

መምህር ሓዱሽ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ልጆቹ መሳቃቸውን ተዉ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ሰሌዳውን ሲያዩ ቆይተው ሳይሰናበቱን ወጡ።

በማግሥቱ ክፍል ሲገቡ ደብተር አላስወጡም። ከሰሌዳው ፊት ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ ጥፋት ሠርቶ የተጠራ ተማሪ ይመስሉ ነበር።

"ትናንት ያስተማርኳችሁ ስሕተት አለበት" አሉ። "'ቢወጣ ምንም አይጎድልም' አልኩ። ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም፤ ያ እውነት ነው። ግን ይጎድላል። በሁለቱ ነጠላ ሰረዞች መካከል ያለው፣ ሰውየውን ለመለየት ባያስፈልግም፣ ተናጋሪው ሳይናገረው ማለፍ ያቃተው ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ።" ከዚያ ወደ ብርኽቲ ዞሩ። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጓለይ። ሳላነብ ነው ያስተማርኩት።"

እኔ ትልቅ ሰው፣ ያውም መምህር፣ በስድሳ ልጅ ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ብርኽቲ አንገቷን ደፋች። ከሳምንታት በኋላ በአማርኛ መጻፍ ጀመረች። መምህር ሓዱሽም ደስ አለኝ ብለው አላለፏትም፤ ደብተሯን እንደማንኛችንም በቀይ አቀለሙት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

የስድስተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ደረሰና ርእሰ መምህሩ አንድ ደብዳቤ ሰጠኝ። ማተሚያው ቀለም ስላልነበረው፣ ጽሕፈቴ ስለሚያምር፣ በትልቁ ገልብጬ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንድለጥፈው ነው። ደብዳቤው በትግርኛ ነው። ፍሬ ነገሩ "ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ የአምስተኛ ክፍል ማስረጃ የሌላቸው ተማሪዎች ለፈተና አይመዘገቡም" ይላል። ስገለብጠው ረዘመብኝ። "የመጡ" ከሚለው ቀጥሎ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጣል አደረግሁ፤ ትንፋሽ እንድትሆን ብዬ ነው። ለጠፍኩትና ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ምዝገባውን የያዘው መምህር የኔን ማስታወቂያ እያየ ሁለት ቀን መዘገበ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መምህር ሓዱሽ ሰሌዳው ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

"ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ደብዳቤውንስ አምጪው እስቲ።"

አመጣሁት። ጎን ለጎን አስተያዩትና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይቺ ከየት መጣች?"

"ረዝሞብኝ ነው መምህር... ትንፋሽ እንዲሆን ብዬ።"

"ደብዳቤው የሚለው ስለ አንድ ዓይነት ልጆች ነው" አሉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ። "ተፈናቅለው የመጡ፣ ያውም ማስረጃ የሌላቸው። አንቺ መካከል ላይ ስታቆሚ ሁለት ዓይነት አደረግሻቸው። ተፈናቅለው የመጡ አይመዘገቡም፤ ማስረጃ የሌላቸውም አይመዘገቡም። ማስረጃ ይዞ የመጣው ተፈናቃይ የት ሄደ?"

ወደ መዝጋቢው ሄድን። ሃያ ሦስት ልጆች መልሷል፤ ብዙዎቹ ወረቀታቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ስም ዝርዝሩ የሚላከው በማግሥቱ ዓርብ ነው። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"የጫማሽን ክር እሰሪ" አሉኝ። "እንሄዳለን።"

ያን ቀን ሙሉ በእግር ዞርን። መጀመሪያ በግቢያችን ያሉትን፣ ቀጥሎ በሓድነት ዙሪያ ባሉት መጠለያዎች ያሉትን ፈለግን። እናቶች በላስቲክ የጠቀለሏቸውን የውጤት ካርዶች ከፍራሽ ሥር ያወጡልናል። አንዷ እናት፣ "ያን ሁሉ መንገድ ይቺን ወረቀት ደረቴ ውስጥ ይዤ ነው የመጣሁት፤ አይሆንም ሲሏት ልጄ ልትቀደው ነበር" አለችን። መምህር ሓዱሽ የእያንዳንዱን ስም በጥንቃቄ ይጽፋሉ። እኔ የሰዎቹን ዐይን ማየት አልቻልኩም።

ብርኽቲ ግን ቤቷ አልነበረችም። እናቷ፣ "ፈተና ከሌለ ምን አደርጋለሁ ብላ ሥራ ገባች" አለችን። ከተማው ዳር፣ ዓይናለም በሚባለው ሰፈር፣ ቤት የሚሠራበት ቦታ ነው። ሚኒባስ ይዘን ሄድን። ለሲሚንቶ ማቡኪያ ውሃ በጀሪካን ስታመላልስ አገኘናት፤ ፊቷና ፀጉሯ አቧራ ለብሷል። መምህር ሓዱሽ በአሸዋው ክምር ዳር ቆመው ጠሯት።

"ብርኽቲ፣ ስሕተቱ የእኛ ነው" አሏት።

"የእኛ" አሉ። ስሜን ሊጠሩ ይችሉ ነበር፤ ቢጠሩም አልቀየማቸውም ነበር። ያን ጊዜ ዝም ብዬ መቆም አቃተኝ።

"የእኔ ነው" አልኩ። "ማስታወቂያው ላይ ነጠላ ሰረዝ ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

ጀሪካኑን አስቀመጠችው። "የት ጋ?" አለችኝ።

እንጨት አንስቼ እርጥቡ አሸዋ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩላት፤ ሁለቱን ነጥቦችና ጭረቲቱንም ጨመርኩ። ጎንበስ ብላ አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ከዚያ በባዶ እግሯ ጣት ነጠላ ሰረዟን ብቻ አጠፋቻት።

"እንዲህ ከሆነ እኔ ማስረጃ አለኝ" አለች።

መምህር ሓዱሽ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረው መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ። ረጅም ጊዜ ነው የጠረጉት።

ዓርብ ጠዋት ተጨማሪውን ዝርዝር ይዘን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። ዝርዝሩን የሚቀበለው ሰው ጊዜው አልፏል አለን። መምህር ሓዱሽ የሆነውን ሁሉ ሲያስረዱት ሳቅ አለ።

"ለአንዲት ጭረት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት?"

"ጭረቲቱ ውስጥ ሃያ ሦስት ልጆች አሉ" አሉት።

ሰውየው ሳቁን ዋጠ። እኔን አየኝ፤ ስሕተቱን የሠራሁት እኔ መሆኔን ከፊቴ ያወቀ መሰለኝ። ወንበር ስቦ ሰጣቸውና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ። ዐሥራ ዘጠኙን ተቀበለ። አራቱ ግን በእውነትም ማስረጃ አልነበራቸውም፤ ወረቀታቸው ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል። መምህር ሓዱሽ "እኔ እፈርምላቸዋለሁ፣ አስተምሬያቸዋለሁ፣ አውቃቸዋለሁ" ብለው ለመኑ። አልሆነም። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ዐሥራ ዘጠኙ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ የአራቱን ስም ብቻ ነበር በየመሐሉ የሚጠሩት። በሚቀጥለው ዓመት ከአራቱ ሦስቱን እንደገና ክፍላቸው አስቀምጠው አስተማሯቸው። ሦስቱም የትምህርት ቤታችንን ማስረጃ ይዘው በዓመቱ ተፈተኑ። አራተኛው መጀመሪያውኑ ተስፋ ቆርጦ ስለቀረ ፈልገው አላገኙትም፤ ይህ እስከ መጨረሻው ቆጫቸው።

ብርኽቲ አለፈች። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ እኔን ሳይሆን አስቀድማ የመምህር ሓዱሽን ጤና ትጠይቀኝ ነበር።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ስድስተኛ ክፍልን ለእኔ አስረከቡኝ። ልጆች የማያስቡት ጥያቄ የለም፤ ሲያቅተኝ "ጠይቄ ነገ እነግራችኋለሁ" እላለሁ። ማንን እንደምጠይቅ ያውቃሉ። ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ወዳለበት ቀዳማይ ወያነ በእግሬ ሄጄ በራቸውን አንኳኳለሁ። በኋላ ታመው አልጋ ከያዙም ወዲህ ጥያቄው ሲመጣ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ይቀመጣሉ። አንዳንድ ጊዜ "እኔ እንጃ፣ አላውቀውም" ይላሉ፤ ያን ጊዜ ጉዳዩን አንስተን ስንከራከር ይመሻል፤ ሚስታቸው "እባክሽ ልጄ፣ ሰውዬው ይተኛበት" ብላ ታስወጣኛለች።

ያን ሰኞ ኣቦይ ተስፋይ ከነገሩኝ በኋላ ወደ ቤት መመለስ እችል ነበር፤ ርእሰ መምህሩም ሂጂ ብሎኝ ነበር። ክፍል ገባሁ። የሳምንቱ ትምህርት ገላጭ ሐረግ ነው። ልጆቹ ሰምተዋል መሰለኝ፣ ከሌላው ቀን ይልቅ ጸጥ ብለዋል። አንድ ሁለት ምሳሌ ሠራን። ከፊት የምትቀመጠው ሄለን እጇን አነሳች።

"መምህርት፣ ሁለት ገላጭ ሐረግ ቢደራረብስ? 'ሓድነት የምትኖረው ልብስ የምትሰፋው አክስቴ ታመመች' ብል፣ አክስቴ ደግሞ አንድ ብቻ ብትሆን፣ ነጠላ ሰረዙ የት ጋ ነው የሚገባው?"

"ጠይቄ ነገ እነግርሻለሁ" አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት። ሄለን እጇን ቀስ ብላ አወረደች፤ መጠየቋ እንደ ጥፋት ተሰምቷት ነበር።

ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገሯን በትልቁ ጻፍኩት።

"ነይ ሄለን" አልኳት። ጠመኔውን ሰጠኋት። "አክስትሽን የምታውቂያት አንቺ ነሽ። ጮክ ብለሽ አንብቢውና የመጀመሪያውን አስቀምጪ፤ ከዚያ ሁላችንም እናየዋለን።"

አነበበች፤ አስቀመጠች፤ አጠፋች። ከኋላ አንዱ "አይደለም!" አለ፤ ሌላዋ "ነው እንጂ!" አለች። ደወሉ ሲደወል ገና ሁለተኛዋን ነጠላ ሰረዝ የት እንደምናደርጋት እየተከራከርን ነበር።